እጅ ቢስት ምት አይቁም

በቤተ ሰብ መካከል ቅሬታ የሚያመጣው ነገር ሁልጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። ገንዘብ ወይም ርስት ሳይሆን አንዲት ዘፈን እንኳ አባትንና ልጅን ለማኳረፍ ትበቃለች። እኔም ዕድሜዬ 40ን ካለፈ በኋላ ጊታር ልማር ብዬ ስነሣ ያገኘኝ ይኸው ነው። ይህን መጻፌ ሙያዬን ለማሳየት አይደለም፤ ሙያ ገና የለኝምና። ነገር ግን ጊታር የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ስሕተት ስለሚወድቅ፥ ልጅ ያለው አባትም እኔ የበደልሁትን ሊበድል ስለሚችል፥ ለሁለቱም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ቀኑን ሙሉ ሌሎች የተናገሩትን ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ወደ ቤቴ ስገባም የከሳሽና የተከሳሽ ክርክር በጆሮዬ ይቀራል። ስለዚህ ጆሮዬን የሚያሳርፍልኝ ነገር እፈልግ ነበር። በዚህ መካከል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ያገለገለ ጊታሩን በቅናሽ ሸጠልኝ። ባለቤቴ ጊታሩን ይዤ ስገባ አይታ፥ «ደግሞ በዚህ ዕድሜህ አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላ ሳቀች። እናቴ ግን ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ደስታዋ ሁሉ በጆሮዋ ስለ ሆነ፥ «ተዪው ልጄ፤ ቤቱ ድምፅ ይስማ» አለቻት።

ትምህርቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ከደገምሁ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ኖታ ማንበብን አውቄአለሁ። አንድ ሙሉ ድምፅ ስንት ምት እንደሚይዝ፥ ግማሹ ስንት፥ ሩቡም ስንት እንደ ሆነ በሰሌዳ ላይ ሳልሳሳት እጽፍ ነበር። ስለዚህ የጊታሩን ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሬ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ብዬ ቃኘሁ፤ በሦስት ወርም ሰባት ያህል ኮርዶችን መያዝ ቻልሁ። የግራ እጄ ጣቶች ጫፍ ጠነከረ፤ እኔም በልቤ፥ «እነሆ ጊታር ዐወቅሁ» አልሁ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት ማታ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ እናቴ ትዝታ እንድንዘፍንላት ጠየቀች። የ14 ዓመት ልጄ ድምፅዋ ያማረ ስለ ሆነ እርስዋ ልትዘፍን፥ እኔ ላጅባት ተስማማን። የእኅቴም ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሊቀዳን ጀመረ። ልጄ በቀስታ እያጨበጨበች ጀመረች። ከዶ ሜጀር ወደ ላ ማይነር መሄዱ ደኅና ነበር። ወደ ሶል ሜጀር ለመሻገር ግን ጣቶች ሰፋ ብለው መዘርጋት አለባቸውና፥ እኔ ጣቶቼን እስካስቀምጥ ድረስ ቀኝ እጄ ጸጥ አለች። ልጄ ቃሉን በአፍዋ እንደ ያዘች ጠበቀችኝ። በሁለተኛውም ዙር እንደዚሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ሰዎች ሲተያዩ ባየሁ ጊዜ ዕፍረት ያዘኝና በእንግዶች ፊት፥ «አንቺ እኮ ነሽ የምትቸኩዪው፤ ምቱን ጠብቂ እንጂ!» አልኋት።

ልጄ አንገትዋን ደፍታ፥ «ይቅርታ አባባ» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያች ማታ ጀምሮ በቤታችን መዝፈን ተወች። ዕቃ ስታጥብ እንኳ የምታንጐራጕረውን አቆመች። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና፥ «ያቺ ልጅ ምን ሆነች? ድምፅዋን አጣሁት» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔም የምመልሰው ስላልነበረኝ፥ «ፈተና ደርሶባት ነው» እል ነበር።

እኔም ጊታሩን ለመተው ዐሰብሁ። ነገር ግን ጕድለቴን ሳላውቅ መተዉ አላስችል ስላለኝ ወደ አንድ ወጣት የጊታር መምህር ሄድሁ። እርሱም ሁለት ደቂቃ ያህል ካዳመጠኝ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ግራ እጅዎ ብዙ ተምሯል፤ ቀኝ እጅዎ ግን ገና ትምህርት አልጀመረም። ጣትዎ በተቸገረ ቍጥር ምቱን ያቆሙታል። ምት ደግሞ ሰውን ቆሞ አይጠብቅም» አለኝ። ልጄ ልትሆን በምትችል ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ሲለኝ ትንሽ ቀፈፈኝ፤ ዳሩ ግን እውነቱን ስለ ነበረ ዝም አልሁ።

ከዚያ ያዘዘኝ ሥራ ለሰሚው የሚያስቅ ነበር። ግራ እጄን ክሮቹ ላይ ሳልጫን በቀስታ እንዳሳርፍ፥ በቀኝ እጄም እንድመታ አደረገኝ። ያን ጊዜ ዜማ የለም፤ የሚሰማው «ጨክ ጨክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ብቻ ነው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ፥ «አንድ–ና–ሁለት–ና–ሦስት–ና–አራት–ና» እያልሁ እንድቈጥር፥ በቍጥሩ ወደ ታች፥ «ና» በምትለዋ ወደ ላይ እንድመታ አዘዘኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ምክሩ ግን እጅ መቆም የለበትም የሚለው ነው። የማይመታ ምት ሲደርስ እጅ በአየር ላይ ያልፋል እንጂ አይቆምም። የግድግዳ ሰዓት ተወዛዋዥ ፍሬ ሰው አየውም አላየውም እንደሚመላለስ፥ ቀኝ እጅም ክሩን ነካም አልነካም መመላለስ አለበት።

ስለዚህ መሣሪያ ጥቂት ላውጋ። ሜትሮኖም ማለት በደቂቃ ውስጥ የሚፈለገውን ያህል ጊዜ «ቀጭ» እያለ ምትን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የአሠራሩን ሐሳብ በአምስተርዳም ይኖር የነበረው ዊንክል አስቀድሞ አግኝቶት ሳለ፥ ጀርመናዊው ዮሐን ሜልጸል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1815 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበው። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨንም በ1817 ዓ.ም. ለድርሰቶቹ የሜትሮኖም ቍጥር አውጥቶ አሳተመ። የቀድሞው መሣሪያ የሾጠጠ የእንጨት ሣጥን ሆኖ በደቂቃ ከ40 እስከ 208 ምት ይቈጥር ነበር፤ ዛሬ ግን በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ በነጻ ይገኛል። ክፋቱም ደግነቱም አንድ ነው፤ ለማንም አያዳላም።

በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ፥ «ሲጫወቱ ራስዎን ቀድተው ያዳምጡ፤ ሰው እየተጫወተ ሳለ ራሱን አይሰማም» አለኝ። ያን ጊዜ የእኅቴ ልጅ የቀዳው የፋሲካ ማታ ዘፈን ትዝ አለኝ። አስልኬው፥ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በጆሮ ማድመጫ ከፈትሁት። እንደ ሥራዬ ልማድም ወረቀት አውጥቼ ሜትሮኖሙን ከልጄ ጭብጨባ ጋር አስተያየሁ። የልጄ ጭብጨባ በደቂቃ 72 ላይ ተነሥቶ፥ እኔ እስካቆምሁበት ድረስ በዚያው በ72 ላይ ነበረ። የእኔ ጊታር ግን በቀላሉ ኮርድ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፤ ወደ ከባዱ ሲቃረብ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ይቆማል። ቸኩሎ የነበረው እኔ ነበርሁ። ቆሞ የነበረውም እኔው ነበርሁ።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት ምስክር ሳይሰማ፥ ማስረጃም ሳይታይ ፍርድ እንደማይሰጥ ስጽፍ ነው። ነገር ግን በገዛ ቤቴ፥ በገዛ ልጄ ላይ፥ ምስክር ሳልሰማ በሰው ፊት ፈረድሁ። ይግባኝም እንዳትል አባትዋ ነኝና አፍዋን ዘጋሁት።

ከዚህ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ቀን ፈጀብኝ። አባት ለልጁ አጥፍቻለሁ ሲል ክብሩ የሚጐድል ስለሚመስለው አንደበቱ ይታሰራል። በአምስተኛው ቀን ትምህርትዋን ስታጠና ሳለ ከጎንዋ ተቀምጬ ቅጂውን አሰማኋትና፥ «ልጄ፥ ምቱን ጠብቀሽ የነበርሽ አንቺ ነሽ፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ልጄም ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባባ፥ ያስከፋኝ መሳሳትህ አልነበረም። ስትቆም ብቻዬን ቀረሁ፤ ከዚያ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ሆነ» አለችኝ። ይህ ቃል ከመምህሩ ትምህርት ሁሉ ይልቅ ገባኝ። አጃቢ ሲቆም የሚጐዳው ራሱ አይደለም፤ በእርሱ ተማምኖ የወጣው ሰው ነው።

በነጋታው ሁለታችን ሥራ ጀመርን። ይህን ትምህርት ለሚጀምር ሰው ይጠቅም ዘንድ ያደረግነውን በዝርዝር አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ዘፈኑን በሙሉ መሞከር ትተን የሚያስቸግረኝን መሻገሪያ ብቻ ወሰድን። ከላ ማይነር ወደ ሶል ሜጀር፥ ከሶል ሜጀርም ወደ ላ ማይነር፥ ሁለት ደቂቃ ያህል በ50 ምት ብቻ እመላለስ ነበር። ሳልሳሳት ሦስት ጊዜ ካለፍሁ ሜትሮኖሙን በ4 እጨምራለሁ፤ ከተሳሳትሁ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለጊታር ተማሪ በእውነት ነው።

ሁለተኛው ነገር የለውጡ ጊዜ ነው። ትዝታውን የምንቈጥረው በስድስት ስለ ነበረ፥ እኔ ጣቶቼን የማነሣው አዲሱ ኮርድ መምታት ባለበት በአንድ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጊዜው አልፎአል። ጣት መነሣት ያለበት ከዚያ በፊት ባለችው በስድስተኛዋ ምት ላይ ነው። በዚያች ምት ክሮቹ ባዶአቸውን ቢመቱ የሰሚ ጆሮ አይቀየምም፤ በአንድ ላይ ዝም ቢባል ግን ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል።

ሦስተኛው ነገር ክብደት ነው። በአገራችን ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት ሲቈጠር ሁሉም ምት እኩል አይደለም፤ ከባዶቹ አንድና አራት ናቸው። እኔ ግን ስድስቱንም በአንድ ኃይል እመታ ስለ ነበር፥ የሚወጣው ድምፅ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር። አንድንና አራትን ከበድ፥ የቀሩትን ቀለል ሳደርግ ግን ዘፈኑ በራሱ መራመድ ጀመረ። ይህን ከለመድሁ በኋላ ሜትሮኖሙን በግማሽ ቀንሰን በአንድ ላይ ብቻ እንዲሰማ፥ አራተኛዋን እኔው እንድጠብቃት አደረግን። ያን ጊዜ ምት ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሰውነት መግባቱ ይታወቃል።

አራተኛው ነገር ዝምታ ነው። ይህን የተማርሁት ከክራር ነው። ክራር መቺ በቀኝ እጁ በያዘው የቆዳ ወይም የቀንድ ቍራጭ ክሮቹን አንድ ላይ ሲመታ፥ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች አፍኖ የሚፈልገውን ብቻ ይለቅቃል። ስለዚህ የታፈነውም ክር ሥራ አለው፤ ምቱን ይሰጣል። እኔም በጊታሬ ላይ ጣቴ ኮርዱን ሲስት ክሮቹን አፍኜ «ጨክ» ማድረግ ተማርሁ። ዜማው ለጊዜው ይጐድላል፤ መንገዱ ግን አይቋረጥም።

ይህን ሁሉ ስሠራ ሳለሁ ረስቼው የነበረ ነገር ከልጅነቴ መጣልኝ። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ካህናቱ ማሕሌት ሲቆሙ እያየሁ አድጌአለሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲባል አንዱ ቃል ራሱ በልዩ ልዩ አኳኋን ይመላለሳል። መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ ምንም መሣሪያ ይባላል፤ በዝማሜ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ይጨመርበታል፤ በጽፋት ደግሞ ምቱ ይፈጥናል፥ እጅም ይጨበጨባል። ወደ ጽፋት ዘሎ የሚነሣ ማንም የለም። እኛ ልጆች ከበሮ ስንለማመድ የትልቁና የትንሹ አፍ ተራ ይጠፋን ነበር፤ ያን ጊዜ የኔታ አይቈጡንም፥ ነገር ግን እንድንቆምም አይፈቅዱልንም። «ሂድ፥ ሂድ፤ ጓደኞችህ እየሄዱ ነው» ይሉን ነበር።

ከ30 ዓመት በኋላ ሳስበው፥ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው የምትን እኩሌታ ሰጥተውኛል። የሚሲዮኑ ቍጥሩን፥ የቄሱ ደግሞ እርምጃውን አስተማረኝ። እኔ ግን በቍጥሩ እየኮራሁ እርምጃውን ጥዬው ነበር። ሰው ጊታር ይዞ ከመቀመጡ በፊት ዘፈኑን እያዳመጠ ቢያጨበጭብ፥ በእግሩም ቢረግጥ፥ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን ብዬ እመክራለሁ። እግር ያላወቀውን ምት እጅ አያውቀውም።

አንዳንድ ሰው፥ «አጃቢ መሆን ምን ክብር አለው? ሰው የሚያደንቀው በነጠላ ክር ዜማ የሚያወጣውን ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ሰው አለ። አሜሪካዊው ፍሬዲ ግሪን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ገብቶ እስከሚሞትበት እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ፥ 50 ዓመት ያህል፥ ጊታር መታ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብቻውን ወጥቶ የተጫወተው እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ሥራው አራቱን ምት ሳያዛንፍ መምታት ነበር፤ ኤሌክትሪክ በሌለው ጊታር ስለሚመታም ከመለከቶቹና ከከበሮው መካከል ድምፁን ለይቶ መስማት ያስቸግር ነበር። ነገር ግን ኦርኬስትራው ሁሉ በእርሱ ላይ ተደግፎ ይሄድ ነበር። እኔም ይህን ሳነብ የራሴን ሥራ አሰብሁ። በችሎት ውስጥ የጸሐፊ ድምፅ አይሰማም፤ መዝገቡ ከተዛነፈ ግን ፍርዱም ይዛነፋል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ተራ ቀን ማታ፥ እንግዳም በዓልም በሌለበት፥ ልጄ ከማድ ቤት ወጥታ እጅዋን በፎጣ እየጠረገች፥ «አባባ፥ ለእማማ እንሞክርላት?» አለችኝ። እኔ ጊታሩን አነሣሁ፤ እርስዋም ከእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። እናቴ በትርዋን በሁለት እጅዋ ይዛ ፊትዋን ወደ ድምፁ መለሰች።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉ ደኅና ሆነ። በሁለተኛው ላይ ያው የጥንቱ መሻገሪያ ሲደርስ ቀለበት ጣቴ ክሩን ሳተው። ልቤ ደነገጠ። ቀኝ እጄ ግን እንደ ተማረችው መመላለስዋን አልተወችም፤ «ጨክ፥ ጨክ» እያለች አራተኛዋን አለፈች፥ ስድስተኛዋንም አለፈች፤ በሚቀጥለው አንድ ላይ ኮርዱ በቦታው ተገኘ። ልጄ ወደ እኔ ዘወር አላለችም፤ ቃልዋንም አላቋረጠችም። ከንፈርዋ ብቻ ፈገግ አለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሁላችንም ጥቂት ዝም አልን። እናቴ እስከዚያ ድረስ በበትርዋ ጫፍ ወለሉን ትመታ እንደ ነበር ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኛ ስናበቃም ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምራ መታች። ቀጥላም፥ «የፋሲካ ለት አንዱ ቆሞ አንዱ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን አብራችሁ ሄዳችሁ» አለች።

ስሕተቴን ሰምታው እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። ልጄ ግን ወደ ማድ ቤት ተመልሳ የቀረውን ዕቃ ስታጥብ ያንኑ ዘፈን ስታንጐራጕር ሰማኋት፤ እኔም ጊታሩን አስቀምጬ በእግሬ ብቻ አጀብኋት።